መጽሐፌ ያስተከለው ድንኳን

የመጀመሪያ ልብ ወለዴን በራሴ ወጪ ሳሳትም በጀርባ ሽፋኑ ላይ፣ ከፎቶዬ ሥር፣ ስልክ ቁጥሬን አስፍሬ ነበር። ማተሚያ ቤት ገጹን ያቀናበረልኝ ባለሙያ "ተው ይቅርብህ፤ አንባቢ እየደወለ እረፍት ይነሳሃል" ብሎ መክሮኛል። እኔ በሆዴ "ይንሳኝ፤ ለዚህ አይደል እንዴ የጻፍኩት!" አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ይዤ እገባ ጀመር። በዓመቱ ውስጥ በዚያ ቁጥር ከደወሉልኝ ጥቂት ሰዎች አንዱ የደወለው፣ ፎቶው ላይ የለበስኩትን ጃኬት ከየት እንደገዛሁት ሊጠይቀኝ ነው።

ወልቂጤ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ታቦር ነው። ተመድቤ የመጣሁ ሰሞን "ትንሽ ሠርቼ እዛወራለሁ" እያልኩ እፎክር ነበር፤ ሳላስበው ከተማዋን ለመድኳትና ቀረሁ። መጻፍ ያስጀመሩኝ ተማሪዎቼ ናቸው። ስም ስጠራ አንዱ ዝም ይላል። "የት ሄደ?" ስል ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ደቡብ አፍሪካ!" ብሎ ይስቃል። በሞያሌ ተሻግረው፣ በኬንያ በታንዛንያ አቆራርጠው ነው የሚሄዱት። የደረሱት ሱቅ ይከፍታሉ፤ ለወላጆቻቸው ቆርቆሮው የሚያብለጨልጭ ቤት ያሠራሉ። ስላልደረሱት ግን ማንም ጮክ ብሎ አያወራም። እኔ ስለ አንድ ያልደረሰ ልጅ ጻፍኩ።

ስሙን ነስሩ አልኩት። የመስቃን ልጅ አደረግኩት፤ ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው። ሲሄድ እናቱ በጨርቅ ቋጥረው የሰጡትን ሚጥሚጣ በኪሱ ይዟል። መንገድ ላይ ጫካ ውስጥ ይታመምና ይሞታል። ጓደኞቹ ደላላው እያጣደፋቸው ቅጠል አልብሰውት ይሄዳሉ፤ መጽሐፉም እዚያ ላይ ያልቃል። ነስሩ የሚባል ሰው በሕይወቴ አላውቅም። ስሙንም፣ ጠባሳውንም፣ ሚጥሚጣውንም ያወጣሁት ከራሴ ነው።

መጽሐፉ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ተመረቀ። ርእሰ መምህሩ አንድ ገጽ ሳያነቡ ረጅም ምስጋና አቀረቡ። ባልደረቦቼ አብረውኝ ፎቶ ተነሥተው፣ በነጻ የሰጠኋቸውን ኮፒ ብብታቸው ሥር አድርገው ሄዱ። ከዚያ ጸጥ አለ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ "እንዴት አገኘኸው?" ብዬ ስጠይቅ መልሱ "ጀምሬዋለሁ" ነው። ዓመቱን ሙሉ "ጀምሬዋለሁ" ሲሉኝ ከረሙ። አንድ የሒሳብ መምህር ብቻ ሐቁን ነገረኝ፤ "ወንድሜ ልዋሽህ አልችልም፣ ባለቤቴ የቴሌቪዥኑን እግር አስተካክላበታለች" አለኝ። ያልተሸጡት ካርቶኖች አልጋዬ ሥር አልበቃ ስላሉ አንደኛው ጠረጴዛ ሆነልኝ። ሻዬን የማስቀምጠው እሱ ላይ ነበር።

ተስፋ ቆረጥኩ፤ ሌላ ስም የለውም። መጽሐፌን ያስቀመጥኩባቸው ሱቆች አጠገብ ላለማለፍ መንገድ መቀየር ጀመርኩ። ክፍል ገብቼ ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል ሳስተምር አፌ ይተሳሰርብኛል፤ "አንተ ማን ነህና ነው?" የሚሉኝ ይመስለኛል። እውነቱን ለመናገር የምፈልገው ብዙ አልነበረም። አንድ የማላውቀው ሰው ደውሎ "ነስሩን አምኜው አለቀስኩለት" ቢለኝ ይበቃኝ ነበር። ይቺን ነገር አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ቡታጅራ ላይ መጽሐፌን የያዘልኝ ሸምሱ የሚባል የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ነው። እኩያዬ ነው፤ ጨዋታ አዋቂ። መጽሐፉን መስኮቱ ላይ አቁሞት ፀሐይ ቀዩን ሽፋን ሮዝ አድርጋው ነበር። አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ፈተና እያረምኩ ሳለሁ ደወለልኝ።

"መምህሬ፣ መጽሐፍህ አለቀ።"

"ምን አልከኝ?"

"አለቀ አልኩህ! መስኮት ላይ የነበረችውን ሳይቀር ወሰዷት። ደግሞ ሰዎች ይፈልጉሃል። ነገ መምጣት አለብህ።"

"የምን ሰዎች?"

"እዚሁ መስቃን ያሉ ሰዎች ናቸው። ብዙ ናቸው፤ ተሰብስበው ነው ያሉት።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በስልክ አይሆንም መምህሬ። ና ብቻ።"

"በስልክ አይሆንም፣ ና ብቻ" የሚለውን አነጋገር ማወቅ ነበረብኝ። አባቴ ያረፈ ጊዜ እኮ ባልደረቦቼ ማለዳ በሬን አንኳኩተው "አባትህን ትንሽ አሟቸዋል፤ ብንሄድ ጥሩ ነው" ነው ያሉኝ። "በስልክ ላግኛቸው" ስል "በስልክ አይሆንም" አሉኝ። ያኔውኑ አውቄ ነበር። በዚያ ዓርብ ግን ጆሮዬ ሌላ ነገር ነበር የሚሰማው። ዓመት ሙሉ የጠበቅኳቸው አንባቢዎች አንድ ላይ ተሰብስበው የጠሩኝ መሰለኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ፎቶው ላይ ያለውን ጃኬት ለበስኩ። ቦርሳዬን በመጽሐፍ ሞላሁ። እስኪርብቶም ሁለት ያዝኩ፤ ብዙ ሲፈረም አንዱ ቢያልቅስ ብዬ። ሚኒባሱ በጉብሬ አድርጎ ወደ ደጋው ሲወጣ በመስኮት እንሰቱን እያየሁ የምናገረውን አዘጋጅ ነበር። "ገጸ ባሕርይ ከደራሲው እጅ ሲወጣ የአንባቢው ልጅ ይሆናል" የምትል ዓረፍተ ነገር መጣችልኝና በራሴ ተደንቄ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ትንሽ ፈቀቅ አሉ።

ሸምሱ መናኸሪያ ጠበቀኝ። ሱቁን ዘግቶ፣ ጀለቢያ ለብሶ፣ ነጭ ኮፍያ አድርጓል። ያ ተጫዋች ሰው ሁለት እጁን ሰጥቶ በዝግታ ጨበጠኝ። ዓይኑ ቦርሳዬ ላይ ቀረ።

"ምንድን ነው የያዝከው?"

"መጽሐፍ ነዋ። ሊያስፈርሙ ይችላሉ ብዬ።"

አየኝ፣ አየኝና "እሺ፣ እኔ ልያዝልህ" ብሎ ተቀበለኝ። ባጃጅ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ፣ ማን እንዳዘጋጀው ብጠይቀው "ስትደርስ ታየዋለህ" ብቻ አለኝ። ደስታዬን ላስነካ ስላልፈለግኩ መጠየቄን ተውኩ። ባጃጁ ከአስፋልቱ ወርዶ፣ በበርበሬ ማሳዎች መካከል አልፎ ወደ አንድ መንደር ሲቃረብ ከሩቅ ድንኳን ታየኝ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ድንኳኑን ሳይ ደስ አለኝ። እንዲህ ተዘጋጅተው ይጠብቁኛል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም ነበር።

ገና ስወርድ ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ወንዶች በሙሉ ከመቀመጫቸው ተነሡ። እንዲህ ተከብሬ አላውቅም። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ፈገግ ብዬ፣ ግራና ቀኝ ጎንበስ ጎንበስ አልኩ። ማንም መልሶ ፈገግ አላለም። ከቤቱ ውስጥ የሴቶች ልቅሶ ተነሣ።

ሸምሱ በጆሮዬ "መምህሬ፣ አትሳቅ" አለኝ።

ያኔ ነው ዙሪያዬን ያየሁት። ድንኳኑ መካከል፣ ምንጣፍ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ ተደርጎ መጽሐፌ ተቀምጧል። ሌሎች ሰዎችም ጉልበታቸው ላይ ይዘውታል። ጺማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ እጄን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ጋሽ ከማል ይባላሉ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አላህ ይስጥልን መምህር። ከባድ ነገር ተሸክመህ ነው የከረምከው። አልተቀየምንህም" አሉኝ።

"ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ምንም አልገባኝም። ማን ነው ያረፈው?"

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ነስሩ ነዋ" አሉኝ። "የእህቴ ልጅ፣ ያንተው ነስሩ።"

ጋሽ ከማል እኔ የማውቀውን ነገር የሚያስታውሱኝ ያህል ረጋ ብለው ተረኩልኝ። ነስሩ ቡታጅራ ገበያ ልብስ ይሰፋ ነበር። ከሄደ ዓመታት ሆኖታል፤ ታንዛንያ ገባሁ ብሎ ከደወለ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። እህቱ ሰዓዳ በቀደም ደብተር ልትገዛ ሸምሱ ሱቅ ስትገባ መጽሐፉን ገልብጣ ጀርባውን አነበበች። የወንድሟን ስም፣ ሙያውን፣ አገሩን አየች። ይዛው ሄዳ አንብባ ጨረሰችው።

"ለእኔ አነበበችልኝ" አሉ ጋሽ ከማል። "ስሙን ስትጠራ፣ ስም ይመሳሰላል አልኩ። ጠባሳውን ስትጠራ ዝም አልኩ። ሚጥሚጣውን ስትጠራ ግን መምህር፣ ቆሜ መሄድ አቃተኝ። እኔ ፊት ነው እናቱ የቋጠረችለት። ሽማግሌ ሰበሰብን። መርዶ ነው አልን። እናቱን ጎህ ሲቀድ ነገርናት። አስከሬኑ በሌለበት ተሰገደለት።"

"ጋሼ!" አልኩ። ድምፄ ከአቅሜ በላይ ወጣ። "እኔ ነስሩን አላውቀውም! ልብ ወለድ ነው! ከራሴ ፈጥሬ ነው የጻፍኩት!"

ይደነግጣሉ፣ ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ማንም አልደነገጠም። ሰዎቹ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጋሽ ከማልም ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

"ልክ ነህ። እኛም መርዶ ይዘን ሰው በር ላይ ስንቆም እንዲህ ነው የምንለው። 'አላየንም፣ አልሰማንም፣ ትንሽ አሞት ነው' እንላለን። ጨዋ ሰው ሞትን ከአፉ ቶሎ አያወጣም። አንተ ደግሞ ባዕድ ነህ፤ መጥተህ ብትነግረን እንዳይከብደን በጽሑፍ አደረግከው። አሳድጎሃል የወለደህ።"

"አይደለም ጋሼ! መጀመሪያው ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ እኮ! ታሪኩ ከማንም ጋር ቢመሳሰል በአጋጣሚ ነው ብዬ ጽፌያለሁ!"

"እሷንም አነበብናት" አሉኝ። "እሷን ስናነብ ነው እርግጠኛ የሆንነው። የማያውቅ ሰው ምን አስጨንቆት እንዲህ ብሎ ይጽፋል?"

ተስፋ በመቁረጥ እጄን ወደ ላይ አንሥቼ "በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ…" ስል አጠገቤ የነበሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተንጫጩ። "አትማል! አትማል! በእኛ የተነሣ መሐላ ውስጥ አትግባ!" ጋሽ ከማል እጄን ይዘው አወረዱት። ለነፍሴ አዝነውልኝ ነው። ምን ላድርግ? በጮህኩ ቁጥር መርዶው ይበልጥ እውነት ይሆናል። የማይገባኝ ነገር ቢሆን በተናደድኩ፤ ችግሩ የሚገባኝ መሆኑ ነው። እኔም የአባቴን ሞት ያረጋገጥኩት ባልደረቦቼ "ኧረ ደህና ናቸው" ብለው ሲምሉልኝ ነበር።

ዓመት ሙሉ አንድ የሚያምነኝ ሰው ስፈልግ ነበር። ይኸው ድንኳን ሙሉ ሰው አመነኝ፤ የማያምኑኝ እውነቱን ስነግራቸው ብቻ ነው።

"ካንተ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው" አሉ ጋሽ ከማል። "ከማን ሰማህ አንልህም። መቃብሩ የት እንደሆነ ብቻ ንገረን።"

ይህን እንዳሉኝ አንዲት ጥቁር ሻሽ ያሰረች ወጣት ከቤቱ በር ላይ ሆና ጠራችኝ። ዓይኗ አብጧል። ሰዓዳ መሆኗን አወቅኩ። "መምህር፣ እማ ትፈልግሃለች" አለችኝ።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል። ጥግ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ደቀቅ ያሉ እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። እማማ ዘይቱና ይባላሉ። በእጃቸው ምልክት ሰጡና ሴቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሰዓዳ ልትቀር ስትል "አንቺም" አሏት። በሩ ገርበብ እንዳለ ሁለታችን ቀረን።

"ቅረበኝ ልጄ" አሉኝ። ቀርቤ ተቀመጥኩ። "ስትጮህ ሰማሁህ። መርዶ የሚያረዳ ሰው እንደዚያ አይጮህም። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። እውነቱን ለእኔ ንገረኝ። ልጄን አታውቀውም?"

"አላውቀውም እማማ።"

"ስሙንስ?"

"ከራሴ ነው ያወጣሁት።"

"ጠባሳውን?"

"ከራሴ።"

"ሚጥሚጣውንስ?"

"እሱንም ከራሴ ነው። የዚህ አገር እናት ለልጇ የምትቋጥርለት መሰለኝ።"

"ትቋጥራለች" አሉ። "እንግዲያው ልጄ አልሞተ ይሆናል።"

"አዎ! አልሞተ ይሆናል!" አልኩ። በመጨረሻ የሚሰማኝ ሰው በማግኘቴ እንባዬ መጣ። "ነገ ሊደውል ይችላል እማማ! ይኖር ይሆናል!"

ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሁለት መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው፣ ውጭ ያሉት እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ውጠው አለቀሱ። እኔ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ሲበቃቸው ከደረታቸው አንድ ስልክ አወጡ። አሮጌ፣ ቁልፉ የተፋቀ፣ ጀርባው እንዳይከፈት በላስቲክ የታሰረ ነው።

"የሚያውቀው ይህን ቁጥር ነው። ከሄደ ጀምሮ ከጎኔ አውርጄው አላውቅም። ሲጮህ እሱ ይመስለኛል፤ ዝም ሲል ደግሞ ልደውል እያለ ኔትወርክ አጥቶ ይሆናል እላለሁ። ገበያ ስሄድ፣ ውሃ ስቀዳ፣ ለቅሶ ስደርስ ጆሮዬ እዚህ ነው። ሲነጋ ሲነጋ ነው ሸለብ የሚያደርገኝ፤ እሱም ከተሳካልኝ። የነገሩኝ ቀን ጮህኩ፣ መሬት ላይ ተንከባለልኩ፤ ከዚያ ተኛሁ። ተኛሁ ልጄ! እንቅልፍ እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን ረስቼው ነበር። ከዚያ ወዲህ እያለቀስኩ እተኛለሁ፣ ተነሥቼ አለቅሳለሁ፣ መልሼ እተኛለሁ።" ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። "አሁን እንዴት ልሁን? ሰዉን በትኜ፣ ድንኳኑን አስነቅዬ፣ ይህን ይዤ እንደገና መጠበቅ ልጀምር?"

 

ከውጭ የወንዶቹ ዱዓ ይሰማል። እማማ ዘይቱና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው እንደገና ወደ እኔ ዞሩ። "መጽሐፍህን ሰዓዳ አንብባልኛለች። ቅጠል አልብሰውት ሄዱ ይላል። ከዚያስ?"

"ከዚያ መጽሐፉ ያልቃል እማማ።"

"እንዲህማ አያልቅም" አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡኝ። "ውሃ ሳይነካው፣ ከፈን ሳይለብስ፣ ሳይሰገድበት፣ መንገድ ዳር ትተኸው ትሄዳለህ? የሰው ልጅ አይደለም? ጀምረኸዋል፤ ጨርሰው።"

"እማማ፣ ውሸት ይሆናል።"

"የመጀመሪያው ምን ነበር?"

አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ያለ ወረቀት፣ ያለ እስኪርብቶ፣ ጀመርኩ። ጫካው አጠገብ አንድ ትንሽ መንደር አለ አልኳቸው። አንድ ሽማግሌ ከብት ፍለጋ ሲወጡ አገኙት። በደረቱ ላይ የተጻፈ ነገር ባይኖርም ስሙን ከኪሱ ካገኙት ወረቀት አይተው የሙስሊም ልጅ መሆኑን አወቁ። ልጆቻቸውን ጠርተው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። አጠቡት፣ ነጭ ጨርቅ አለበሱት፣ የመንደሩ ሰው ተሰልፎ ሰገደበት።

"ሽማግሌው ማን ይባላሉ?"

"ሼህ ኢድሪስ።"

"አላህ ዕድሜ ይስጣቸው። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር?"

"ለብ ያለ ነበር እማማ። ሚስታቸው አሙቀውት ነው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሚጥሚጣውስ?"

"ደረቱ ላይ አድርገውለት አብሮት ተቀበረ።"

"መቃብሩ ጥላ አለው?"

"ትልቅ ዛፍ አለው። ዋንዛ የሚመስል።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከጻፍኩት ሁሉ እንዲህ ተደርጎ የተሰማልኝ የለም። ሲከፍቷቸው ስልኩን አንሥተው እጄ ውስጥ አስቀመጡት፤ ጣቶቼንም እላዩ ላይ አጠፏቸው።

"ያንተ ነስሩ ታጥቦ ተቀብሯል። የእኔ ነስሩ ከደወለ ደግሞ አንተ ታነሣዋለህ" አሉኝ። "ለማንም አትናገር። እኔ ከእንግዲህ አልችልም። ደክሞኛል።"

ወጥቼ ድንኳኑ ውስጥ ቆምኩ። ጋሽ ከማል በዓይናቸው ጠየቁኝ። "ታጥቦ፣ ተሰግዶበት ነው የተቀበረው" አልኩ። ድንኳኑ ሙሉ "አልሐምዱሊላህ!" አለ። ጋሽ ከማል አቅፈውኝ ትከሻዬ ላይ አለቀሱ፤ "አላልኳችሁም? አላልኳችሁም?" ይላሉ ለሰዉ። ምሳ አቀረቡልኝ።

ሸምሱ መናኸሪያ ሲሸኘኝ ቦርሳዬን መለሰልኝ። "መምህሬ፣ እነዚህን ትተህልኝ ብትሄድስ? ሰው እየመጣ ይጠይቀኛል" አለኝ። ዓመት ሙሉ ለመስማት የጓጓሁት ቃል ነበር። "አይሆንም" አልኩት። ቦርሳዬን አቅፌ ወደ ወልቂጤ ተመለስኩ።

እንግዲህ የደራሲነት የመጀመሪያ ዓመቴ ይህ ነው። አሁን ሰዎች ሲያገኙኝ "ሁለተኛውስ መቼ ነው?" ይሉኛል። "ጀምሬዋለሁ" እላቸዋለሁ። ውሸቴን ነው። እስኪርብቶ ሳነሣ ስም ማውጣት ያቅተኛል። የማወጣው ስም ሁሉ የሆነ ቤት ውስጥ የሚጠበቅ ሰው ስም ይመስለኛል። በየሱቁ የቀሩትን ኮፒዎች ሰብስቤያቸዋለሁ። ከካርቶኑ ላይ ሻዬን አንሥቼ፣ በቦታው የእማማ ዘይቱናን ስልክ አስቀምጫለሁ፤ ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ይውላል። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በደረት ኪሴ ነው፤ መታጠቢያ ቤትም ይዤው እገባለሁ። የእኔን ስልክ አሁን የትም እረሳዋለሁ። እንቅልፍ የለኝም። እማማ ዘይቱና ግን እንደሚተኙ ሰዓዳ ነግራኛለች፤ ለሼህ ኢድሪስም በየሶላቱ ዱዓ ያደርጋሉ አለችኝ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተዋችሁ። ሰሞኑን ክፍል ውስጥ ሳስተምር ያ ስልክ ጮኸ። አውጥቼ ሳየው የውጭ አገር ቁጥር ነው። እየሮጥኩ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ገድዬው፣ አሳጥቤው፣ ዋንዛ ሥር የቀበርኩትን ሰው "ሀሎ" ማለት አቃተኝ። ጮኸ፣ ጮኸና ተቋረጠ። ወዲያው መልሼ ብደውል "የደወሉለት ቁጥር አይገኝም" አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እሞክራለሁ፤ አይገኝም። የተሳሳተ ቁጥር ሊሆን ይችላል። የሌላ እናት ልጅም ሊሆን ይችላል።

እማማ "ለማንም አትናገር" ብለውኝ ነበር፤ አደራቸውን አፍርሻለሁ። ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እዚያ ማዶ ያላችሁ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው፣ ልብስ ሰፊ የነበረ የመስቃን ልጅ ብታገኙ ይህን ንገሩልኝ። ነስሩ፣ አንተ ከነበርክ እባክህ ድጋሚ ደውል፤ አሁን አነሣዋለሁ። ድምፄን ስትሰማ ደንግጠህ እንዳትዘጋው። እናትህ ተኝተዋል፤ ቀስ ብለን ነው የምንቀሰቅሳቸው።